ስማርት ሰዓትና የእጅ አንጓ ሕመም፦ ተጠያቂው ማን ነው?

የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2014 ባወጣው መግለጫ፣ ፊትቢት ፎርስ የተባለው፣ በእጅ አንጓ ላይ ታስሮ የሰውን እርምጃና እንቅልፍ የሚቆጥረው መሣሪያ ከገበያ እንደሚሰበሰብ ሲያስታውቅ፣ በአሜሪካ አንድ ሚሊዮን ገደማ፣ በካናዳ ደግሞ 28,000 ያህል መሣሪያዎች ተሽጠው ነበር። ለኩባንያው ከደረሱት አቤቱታዎች 9,900 ያህሉ የቆዳ መቆጣትን፣ 250 ያህሉ ደግሞ ውኃ መቋጠርን የሚመለከቱ ነበሩ። መሣሪያው ገበያ ላይ የዋለው በኦክቶበር 2013 ስለነበር፣ ይህ ሁሉ የሆነው ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን እስከ ዛሬ ሲጠቀስ እንዲኖር ያደረገው የአቤቱታው ብዛት ሳይሆን፣ ስለ መንሥኤው የተሰጡት መልሶች እርስ በርስ አለመግባባታቸው ነው።

ከተጠቃሚዎቹ አንዳንዶቹ በቅድሚያ የጠረጠሩት ባትሪውን ነበር፤ የኃይል መሙያው ቀዳዳ ቆዳን በሚነካው በመሣሪያው ጀርባ በኩል ስለሚገኝ፣ ከውስጥ አንዳች ነገር እየወጣ ቆዳቸውን እንደሚያቃጥለው ገመቱ። ኩባንያው በበኩሉ በጃንዋሪ 2014 ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብ ለመመለስ ሲስማማ፣ ጣቱን የቀሰረው በዋናነት በማይዝገው ብረት ውስጥ ባለው ኒኬል ላይ ነበር። በቀጣዩ ወር የኩባንያው መሪ ጄምስ ፓርክ ሽያጩ መቆሙን ባስታወቁበት ደብዳቤ ግን፣ ገለልተኛ ቤተ ሙከራዎችና ሐኪሞች ባደረጉት ምርመራ ችግሩ የንክኪ አለርጂ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ምንጩም ኒኬሉ ወይም የማሰሪያው ጎማ አለዚያም የመሣሪያውን ክፍሎች ያያያዘው ሙጫ ሊሆን እንደሚችል፣ ችግሩን ያመለከቱትም ከተጠቃሚዎቹ 1.7 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ተገለጸ። ይህች 1.7 በመቶ በደብዳቤ ላይ ስትነበብ ጥቂት ትመስላለች፤ በሚሊዮን ሲሰላ ግን የአንድ መለስተኛ ከተማ ሕዝብ ያህል እጅ ማለት ነው።

በክርክሩ የተሰለፉት ወገኖች ሁሉ አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ይኸውም ሕመሙ በአንድ ቦታ ላይ ስለታየ ምክንያቱም አንድ መሆን አለበት ብሎ ማሰብ ነው። በሰዓት ሥር ያለችው ጠባብ የቆዳ ቀለበት ግን ላብ የሚጠራቀምባት፣ ብረትና ሙጫ የሚነካት፣ ነርቭ ከቆዳው ሥር የሚያልፍባትና የአውራ ጣት ጅማቶች የሚተላለፉባት ስፍራ በመሆኗ፣ ቢያንስ አራት የተለያዩ ሕመሞች በአንድ ስም ይጠሩባታል።

ስማርት ሰዓት ከቀድሞው የእጅ ሰዓት የሚለየው በውስጡ ባለው ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። አሮጌው ሰዓት ላላ ተደርጎ ይታሰራል፣ ማታም ወልቆ ራስጌ ይቀመጣል፤ ስማርት ሰዓት ግን የልብ ምትን የሚለካው ከጀርባው በሚፈነጥቀው አረንጓዴ ብርሃን ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚመጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር በቆዳው ሥር ያለው የደም መጠን ሲጨምርና ሲቀንስ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይለዋወጣል፤ ፎቶፕሌቲስሞግራፊ የሚባለው ይህ ስልት የሚሠራው መሣሪያው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ነው። እንቅልፍንም እንዲከታተል ስለሚፈለግ፣ ባትሪው እስኪሞላ ካልሆነ በቀር ሌትና ቀን ከእጅ አይወርድም። ስለዚህ ጠበቅ ማለቱና አለመውለቁ፣ ሰዓቱ ከምንም ይሠራ ከምን፣ ቆዳን ቀድሞ የማያውቀው ፈተና ውስጥ ይከተዋል።

ቀኑን ሙሉ የታሰረ የሲሊኮን ማሰሪያ ሲፈታ ውጤቱ በዓይን ይታያል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጣ ብሎ፣ ረጥቦና ጥቂት ተሸብሽቦ ይገኛል፤ ሰዓቱ ሲገለበጥ ደግሞ በመስታወቱና በብረቱ መጋጠሚያ ዙሪያ የደረቀ ላብ፣ የሞተ ቆዳና የሳሙና ቅሪት ነጭ መስመር ሠርቶ ይታያል። ጤነኛ የሆነ የቆዳ የላይኛው ሽፋን በመጠኑ አሲዳማ ሲሆን፣ ተራ ሳሙና ግን አልካላይን ስለሆነ፣ እጅ ከታጠበ በኋላ በማሰሪያው ሥር የቀረው ሳሙና ከላቡ ጋር እየተሻሸ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ያሳሳዋል። በዚህ መንገድ የሚመጣው ሕመም ቆዳን በመሸርሸር የሚከሰት የንክኪ ብግነት ይባላል፤ ብግነት ማለት አካል ለጉዳት በሙቀት፣ በእብጠትና በመቅላት የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህ ዓይነቱ አለርጂ አይደለም፣ ማንንም ሰው ሊይዝ ይችላል፤ የቆዳ ሕክምና መጻሕፍትም ከጠቅላላው የንክኪ ብግነት 80 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ይጠቅሳሉ። ቀኑን ሙሉ እጇ ከውኃና ከሳሙና የማይለይ ነርስ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ወይም በዓረብ አገራት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ሰዓቷን ሳታወልቅ ስትሠራ ለዚህ ሕመም ከሌላው ይልቅ ትጋለጣለች። በፍሎሪዳ አትላንቲክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት ከመረመሯቸው የእጅ ማሰሪያዎች 95 በመቶው ባክቴሪያ እንደነበረባቸው፣ ከብረት ይልቅም ጎማና ፕላስቲክ የበለጠ እንደተበከሉ ማመልከታቸው በሰፊው ተወርቷል፤ ነገር ግን በቆዳ ላይ ባክቴሪያ መኖሩ ብቻውን በሽታ አለመሆኑ አብሮ ሊነገር ይገባል።

አምራቾች ይህን ማብራሪያ ይወዱታል፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ከዕቃው ወደ ተጠቃሚው ንጽሕና ያሸጋግርላቸዋል። ንጽሕና አብዛኛውን ጉዳይ እንደሚያስረዳ እውነት ቢሆንም፣ ሰዓቱን በየዕለቱ እያጠበ፣ እያደረቀና እያላላ የሚያስር ሰው ውኃ ሲቋጥር ግን መልስ አይሆንም።

አለርጂ የሆነው የንክኪ ብግነት የሚነሣው ከሌላ መንገድ ነው። የኒኬል ቅንጣት በላብ ጨው ሟሙቶ ወደ ቆዳ ሲገባ ከአካል ፕሮቲን ጋር ይጣመራል፤ በሽታ የመከላከል ሥርዓቱም ይህን ጥምር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያስታውሰዋል። ይህ የመጀመሪያው ትውውቅ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት ኒኬል በነካ ቁጥር ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳው ያሳክካል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ውኃ ይቋጥራል፤ አንድ ጊዜ የተያዘ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች የሚበዙበት ዋና ምክንያት ርካሽ ጉትቻ በተበሳ ጆሮ ላይ መደረጉ እንደሆነ የሚታመን ሲሆን፣ ብዙ ሴቶች ስማርት ሰዓት ከመግዛታቸው ከዓመታት በፊት አለርጂውን ከጆሯቸው ይዘውት ይመጣሉ።

በኒኬል ዙሪያ ያለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በብረቱ ውስጥ ያለውን መጠንና ከብረቱ የሚለቀቀውን መጠን ባለመለየቱ ነው። ለሰዓት በብዛት የሚውለው 316ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል ቢይዝም፣ በላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ኒኬሉን አምቆ ስለሚይዘው ወደ ቆዳ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንጻሩ በኒኬል የተለበጠ ርካሽ ዘለበት ከዚያ ያነሰ ኒኬል እያለው ብዙ እጥፍ ሊለቅ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ1994 ያወጣው መመሪያ የተመሠረተው በዚሁ ልዩነት ላይ ሲሆን፣ ከቆዳ ጋር ለረዥም ጊዜ የሚነካካ ዕቃ በሳምንት ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ይከለክላል፤ ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ልቀቱን በቀላሉ ለመፈተን ዳይሜቲልግላዮክሲም የተባለ ውሁድና አሞኒያ በጥጥ ጫፍ ላይ ይንጠባጠቡና ብረቱ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይታሻል፤ ጥጡ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ብረቱ ኒኬል እየለቀቀ ነው። ከሰዓቱ አካል ይልቅ ዘለበቱ ጥጡን ሲያቀላ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ሰውየው ራሱ አለርጂ እንዳለበት የሚታወቀው ግን በሌላ ምርመራ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን በ1895 ያስተዋወቀው የልጥፍ ምርመራ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። በምርመራ ክፍሉ ታካሚው ልብሱን አውልቆ ጀርባውን ይሰጣል፤ ነርሷ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ጎድጓዳ ቅርጾች ያሉበትን ፕላስተር አንሥታ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የተጠረጠረ ነገር ትንሽ ትንሽ ትጨምራለች። ኒኬል ሰልፌት የተባለው ጨው በአውሮፓ 5 በመቶ፣ በሰሜን አሜሪካ በአብዛኛው 2.5 በመቶ ሆኖ በቫዝሊን ተለውሶ ይቀርባል። ከዚያም ፕላስተሩ ተለጥፎ ዳሩ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ታካሚው ለሁለት ቀን ጀርባውን ሳያጥብ፣ ላብ የሚያመጣ ሥራም ሳይሠራ ይቆያል። በ48ኛው ሰዓት ፕላስተሩ ሲነሣ ሐኪሙ የመጀመሪያውን ንባብ ያደርጋል፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላም ይደግመዋል፤ ምክንያቱም በፕላስተሩ ብቻ የተቆጣ ቆዳ በሁለተኛው ንባብ እየሻረ ሲሄድ፣ እውነተኛው አለርጂ ግን እየጎላ ይመጣል። እዚህ ላይ ጥቁር ቆዳ ላለው ሰው አንድ ጥንቃቄ ያሻል። መጻሕፍቱ መቅላት የሚሉት ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ከዙሪያው ይበልጥ የጠቆረ ሆኖ ስለሚታይ፣ ሐኪሙ በዓይኑ ብቻ ሳይተማመን በጣቱ ዳስሶ እብጠቱን መፈተሽ አለበት፤ ችፌው ከዳነ በኋላም ጥቁር ጠባሳ መሰል ቀለበት ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ብዙ ሰው ሕመሙ ያልዳነ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ፣ በዚህ ጸሐፊ ግምትም ከሁሉ ይልቅ ችላ የተባለው፣ ሙጫው ነው። አክሪሌትና ሜታክሪሌት የሚባሉት ኬሚካሎች በትንንሽ ቅንጣትነት ሳሉ ፈሳሽ ሆነው፣ በብርሃን ወይም በሙቀት ሲያያዙ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናሉ። ሙሉ በሙሉ የደረቀው ፕላስቲክ እምብዛም ጉዳት አያደርስም፤ ሳይያያዙ የቀሩት ቅንጣቶች ግን በላብ እየሟሙ ወደ ቆዳ ይደርሳሉ። ነገሩ መላ ምት አለመሆኑን ያሳየው ሌላ መሣሪያ ነው። የስኳር ሕመምተኞች ክንዳቸው ላይ ለጥፈው የደማቸውን ስኳር የሚከታተሉበት ፍሪስታይል ሊብሬ የተባለው መሣሪያ ችፌ ሲያስከትል፣ የቤልጅየምና የስዊድን ተመራማሪዎች በ2017 አይሶቦርኒል አክሪሌት የተባለውን ውሁድ ከመሣሪያው ውስጥ አውጥተው፣ በታካሚዎቹም ላይ ፈትነው አረጋገጡ። የአሜሪካ የንክኪ ብግነት ማኅበርም ይህንኑ ውሁድ የ2020 የዓመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ ሰየመው። እነዚህ ኬሚካሎች በጥርስ ሐኪም መሙያና በውበት ሳሎን ጄል ጥፍር ውስጥም ይገኛሉ፤ የብሪታንያ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ስለ ጄል ጥፍር ያስጠነቀቀውም፣ በዚያ መንገድ የተያዘ ሰው ቀጥሎ በሌላ ዕቃ፣ በሕክምና መሣሪያም ጭምር፣ ሊታመም ስለሚችል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጄል የምትሠራና ስማርት ሰዓት ያሰረች ወጣት እጇ ሲያሳክካት፣ የመጀመሪያው ጥፋት ከጥፍሯ ሊሆን እንደሚችል የሚነግራት ሻጭ አይገኝም።

ሁሉም የእጅ አንጓ ሕመም የቆዳ አይደለም። ሽፍታ ሳይኖር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጀርባ ላይ መደንዘዝ፣ መጠዝጠዝ ወይም ማቃጠል ሲሰማ፣ የሚጠረጠረው ራዲያል የተባለው ነርቭ የላይኛው ቅርንጫፍ ነው። ይህ ቅርንጫፍ ስሜትን ብቻ የሚያስተላልፍ፣ በእጅ አንጓ አካባቢ በአጥንትና በቆዳ መካከል ያለ መከላከያ የሚያልፍ ስለሆነ፣ የጠበቀ ማሰሪያ በቀላሉ ይጫነዋል። የነርቭ ሐኪሙ ሮበርት ቫርተንበርግ ሕመሙን በ1932 ጽፎ ካሳወቀ ወዲህ በስሙ ይጠራል፤ በካቴና የታሰሩ ሰዎችም ላይ ዘወትር ይታያል። ሐኪሙ የነርቩን መሥመር በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ ንዝረቱ ወደ አውራ ጣት ከሮጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ የጣት አቅም ግን አይቀንስም። ማሰሪያው ሲላላ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናል። ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው ስዊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፍሪትዝ ደ ኬርቫ በ1895 የገለጸው የአውራ ጣት ጅማቶች ማበጥ ሲሆን፣ እርሱን የሚያመጣው ሰዓት ሳይሆን ስልክ ላይ በአውራ ጣት ሲጽፉ መዋል ወይም ሕፃን ደጋግሞ ማንሣት ነው፤ ሰዓቱ የሚወነጀለው እዚያው ስለተገኘ ብቻ ነው።

በክርክሩ ውስጥ ከፍተኛ ድምፅ ያለው ግን ጨረርን ተጠያቂ የሚያደርገው ወገን ነው። በብሉቱዝ የሚሠራ ሰዓት የሚያሠራጨው የሬዲዮ ሞገድ ኃይሉ በሚሊዋት፣ ማለትም በዋት ሺኛ ክፍል የሚለካ ሲሆን፣ እንደ ኤክስሬይ የሴልን ውስጥ የሚያፈርስ ዓይነት ጨረርም አይደለም፤ አረንጓዴው ብርሃንም ከሚታየው ብርሃን ወገን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው ማብራሪያ፣ በኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ እንታመማለን የሚሉ ሰዎች ስሜታቸው እውነተኛ ቢሆንም ከመስኩ ጋር የሚያያይዘው ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። በዚያው ዓመት የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 725 እንዲህ ያሉ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 31 ሙከራዎች ሲመረምሩ፣ ተሳታፊው ሞገዱ መቼ እንደተከፈተና እንደተዘጋ በማያውቅበት ጊዜ ሕመሙ ሞገዱን ተከትሎ ለመምጣቱ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። ጉዳት እንደሚመጣ አምኖ መጠበቅ ራሱ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም ኖሲቦ ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ውሸታም ነው ማለት አይደለም፤ ሕመሙን ከሞገዱ ጋር ያያዘበት ሰንሰለት ግን ተበጥሷል። ከጨረሩ በተጨማሪ፣ በ2024 መጨረሻ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፈተሿቸው 22 ማሰሪያዎች በ9ኙ ውስጥ ፒኤፍኤችኤክስኤ የተባለውን፣ በተፈጥሮ በቀላሉ የማይበሰብስ ኬሚካል ማግኘታቸውም ከማሳከክ ክርክሩ ጋር ተደባልቆ ይነገራል፤ ጥናቱ ግን የሚመለከተው በቆዳ አልፎ ወደ አካል የመግባት ሥጋትን እንጂ ሽፍታን አይደለም።

ይህን ያነበበ ሰው ተጠቃሚው ሁልጊዜ የሚሳሳት ኩባንያው ሁልጊዜ የሚያውቅ እንዳይመስለው፣ የፊትቢትን ሌላ ታሪክ ማንሣት ግድ ነው። በማርች 2022፣ ኩባንያው በጉግል ከተገዛ በኋላ፣ 1.7 ሚሊዮን ያህል የተሸጠው አዮኒክ የተባለው ስማርት ሰዓት የሊቲየም ባትሪው ከመጠን በላይ እየጋለ ሰው ስለሚያቃጥል ተሰበሰበ። በአሜሪካ ብቻ 115 የመጋል፣ 78 የቃጠሎ ጉዳት ሪፖርቶች ቀርበው ነበር፤ ከቃጠሎዎቹ ሁለቱ ሦስተኛ ደረጃ ነበሩ። ሰዓቱን ለሚመልስ ሰው 299 ዶላር ተከፈለ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ኮሚሽኑ፣ አደጋውን ወዲያውኑ አላሳወቀም በሚል ኩባንያው 12.25 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት እንዲከፍል መስማማቱን አስታወቀ። በ2014 ባትሪው ነው ሲሉ የነበሩት ተጠቃሚዎች ለፎርስ ጉዳይ ትክክል አልነበሩም፤ ባትሪ ፈጽሞ አያቃጥልም ብሎ የሚመልስላቸው ሰው ግን የባሰ ይሳሳት ነበር።

ስለዚህ ለክርክሩ መቋጫ የሚሆነው የብዙኃን ድምፅ ሳይሆን የእያንዳንዱ እጅ ምርመራ ነው፤ ለምርመራው ደግሞ ሐኪሙ ሰዓቱ ከምን እንደተሠራ ማወቅ አለበት። አምራቾች ስለ ብረቱ ዓይነት በኩራት ሲጽፉ፣ ክፍሎቹን ያጣበቁበት ሙጫ ግን በማሸጊያው ላይ ብዙውን ጊዜ አይነበብም። አይሶቦርኒል አክሪሌትን ለማግኘት ተመራማሪዎች የስኳር መከታተያውን መሣሪያ ፈትተው በቤተ ሙከራ መመርመር ግድ የሆነባቸው ከዚህ የተነሣ ሲሆን፣ የይዘት ዝርዝሩን ለሐኪም መስጠት የአምራቾች ግዴታ ሊሆን ይገባል።

እስከዚያው ድረስ፣ በሰዓቱ ሥር ማሳከክ የጀመረው ሰው ሰዓቱን አውልቆ፣ ቆዳው እስኪሽር ጠብቆ፣ ከዚያ አጥቦና አድርቆ በሌላኛው እጁ ላላ አድርጎ ይሞክረው፤ ሽፍታው በዘለበቱ ወይም በሰዓቱ ጀርባ ቅርጽ ልክ ተመልሶ ከመጣ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ጣቱ መደንዘዙን ካላቆመ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሲሄድም ሰዓቱን፣ ማሰሪያውንና የኃይል መሙያውን ሳይጥል ይዞ ይቅረብ፤ ሐኪሙ ሊመረምረው የሚፈልገው እጁን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ነውና።